የዘጠና ሰከንድ አርምሞ

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 12 ቀን 2025) ዕለቱ ሰኞ፣ ሰዓቱም እኛ እንደምንቆጥረው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ግድም ነበር። ከዴንቨር ከተማ በስተ ሰሜን በሮኪ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በሎንግሞንት፣ ከኮሎራዶ ሰማይ አልፎ እስከ ዋዮሚንግ፣ እስከ ኔብራስካና እስከ ካንሳስ የሚዘረጋውን የአየር ክልል የሚጠብቀው የዴንቨር የአየር መስመር ትራፊክ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደ ወትሮው በሥራው ላይ ሳለ፣ ከክልሉ አንዱን ክፍል የሚያገለግሉት ሁለት የሬዲዮ ማሠራጫዎች ሁለቱም ጸጥ አሉ። አንዱ ቢደክም ሌላው እንዲተካው ተብሎ በጥንድ የተሠራው መሣሪያ በአንድነት ሲከዳ ተቆጣጣሪው የመናገሪያውን ቁልፍ ቢጫን ቃሉ ወደ አብራሪው ጆሮ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ይህ አርምሞ የቆየው ዘጠና ሰከንድ ያህል ነው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኋላ ባወጣው መግለጫ፣ ተቆጣጣሪዎቹ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ትእዛዛቸውን ለአብራሪዎች እንዳስተላለፉ፣ አውሮፕላኖቹም በሚገባቸው ርቀት ተለያይተው እንደቆዩና በበረራው ሥራ ላይ አንዳች ጉዳት እንዳልደረሰ አስታወቀ።

ዘጠና ሰከንድ በምድር ላይ ላለ ሰው ከቁጥር የማይገባ ጊዜ ነው፤ በሰማይ ግን መለኪያው ሌላ ነው። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በዘጠና ሰከንድ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት አውሮፕላኖች ሲሆኑም በመካከላቸው ያለው ርቀት በዚያችው ጊዜ በ40 ኪሎ ሜትር ያጥራል። በዚህ ፍጥነት በሚበሩበት ከፍታ ሥርዓቱ የሚጠይቀው ልዩነት ደግሞ በጎን 5 የባሕር ማይል፣ ማለት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወይም በቁመት 1,000 ጫማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ የዚያን ሰሞን ጋዜጦች ስለ ምን እንደ ደነገጡ ለመረዳት የግድ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ድንጋጤውን ያባሰው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ የኒውጀርሲውን የኒውዋርክ አየር ማረፊያ ከፊላደልፊያ ሆነው የሚመሩት ተቆጣጣሪዎች ራዳራቸውንም ሬዲዮአቸውንም እንዲሁ ለዘጠና ሰከንድ ያህል ማጣታቸው ነበር። የዴንቨሩ ከዚያ ይቀላል፤ በዴንቨር መሥሪያ ቤቱ ያስታወቀው የንግግሩን መቋረጥ ነውና።

ነገር ግን፣ ሬዲዮ ዝም ስላለ አውሮፕላን አይወድቅም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ድምፅ የጠፋበት አብራሪ የሚያደርገው ነገር ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሕግ ተጽፎ ተቀምጦለታል። ለራዳር መልስ በሚሰጠው መሣሪያ፣ በትራንስፖንደሩ፣ ላይ 7600 የሚለውን ቁጥር ያስገባል፤ ይህ ቁጥር በምድር ባለው የራዳር መስተዋት ላይ ብቅ ሲል፣ «እኔ አለሁ፤ ጆሮዬና አንደበቴ ግን ጠፍተዋል» እንደ ማለት ነው። ከዚያም መጨረሻ በታዘዘው መንገድ፣ ትእዛዝ ባልተሰጠበትም አስቀድሞ ባስመዘገበው የበረራ ዕቅድ መሠረት ጉዞውን ይቀጥላል፤ ተቆጣጣሪውም ይህን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ሌሎቹን ከመንገዱ ያርቅለታል። ወደ አየር ማረፊያ የቀረበ እንደ ሆነም፣ ከማማው ላይ በሚወረወር የመብራት ምልክት ይመራል፤ የማይርገበገብ አረንጓዴ ብርሃን «እረፍ» ማለት ሲሆን፣ የማይርገበገብ ቀይ «ለሌላው መንገድ ልቀቅ፤ ዙር» ማለት ነው። ይህ የመብራት ሥርዓት ዕድሜ ጠገብ ቢሆንም እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ነገር ግን 37,000 ጫማ ላይ ላለ ሰው ምንም አይፈይድለትም።

የሎንግሞንቱ ተቆጣጣሪ ሲናገር ድምፁ ከአዳራሹ ጣሪያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ የሚሄድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአቪዬሽን ሬዲዮ የሚሠራበት ሞገድ፣ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ያለው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ተራራ ዞሮ፣ ወይም የምድርን ጉብጠት ተከትሎ አይወርድም። ኮሎራዶ ደግሞ ከፍተኛው ጫፏ፣ ኤልበርት ተራራ፣ 4,401 ሜትር የሚደርስ የተራራ አገር ናትና በአንድ ማሠራጫ ብቻ ልትሸፈን አትችልም። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ድምፅ መጀመሪያ በመሬት መስመር እየተጓዘ በየርቀቱ ወደ ተተከሉት ጣቢያዎች ይደርሳል፤ ወደ ሰማይ የሚወረወረው ከዚያ ነው። የአብራሪውም መልስ በዚያው መንገድ ይመለሳል። በዚህ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ቀለበት፣ የመብራት ኃይሉም ይሁን የስልክ መስመሩ ወይም ማሠራጫው ራሱ፣ ከተበጠሰ ሰንሰለቱ በሙሉ ዋጋ ያጣል።

ዛሬም ቢሆን የሰማዩ ንግግር በአብዛኛው የሚሄደው ኤ.ኤም. በሚባለው አሮጌ ዘዴ ነው። ሙዚቃ የምንሰማበት ኤፍ.ኤም. ከእርሱ እጅግ የጠራ ድምፅ እያለው አሮጌው ያልተጣለበት ምክንያት አለ፤ በኤፍ.ኤም. ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ብርቱው ደካማውን ፈጽሞ ይውጠዋል፤ በኤ.ኤም. ግን ሁለቱ ሞገዶች ተጋጭተው ፉጨት ያሰማሉ፤ ፉጨቱም ሌላ ሰው ሊናገር እንደ ነበረ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ምስክሩ ሁልጊዜ አያድንም። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ፣ ጭጋግ በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ የኬ.ኤል.ኤም. አየር መንገድ ጃምቦ ለመነሣት ሲንደረደር፣ የማማው ተቆጣጣሪ «ጠብቅ» ያለውና በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ የነበረው የፓንአም አውሮፕላን አብራሪ «እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን» ያለው በአንዲት ቅጽበት ስለ ተገናኙ፣ የኬ.ኤል.ኤም. ሰዎች ጆሮ የደረሰው የተቆራረጠ ቃልና ያ ፉጨት ነበር። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 583 ነፍስ በአንድ ቀን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ያለው የአብራሪና የተቆጣጣሪ አነጋገር ተፈትሾ ጠበቀ።

እኛ በዴንቨር ጎረቤት፣ በአውሮራ፣ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከዚህ የሰማይ ንግግር የራቅን አይደለንም። ዴንቨር የአክሱም፣ አውሮራም የአዳማ እኅት ከተማ መባላቸው በወረቀት ላይ ያለ ዝምድና ሊሆን ይችላል፤ ከሃቫና ጎዳናና ከኮልፋክስ ዳር ካሉት የእንጀራ ቤቶች ተነሥቶ በየሌሊቱ ወደ ዴንቨር ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ የሚሄደው የወገን ብዛት ግን በሥጋ ያለ ዝምድና ነው፤ ሻንጣ የሚጭነው፣ ተሳፋሪ የሚያመላልሰው፣ ወለል የሚወለውለው ከእኛው ነው። አየር ማረፊያው በየካቲት 1987 ዓ.ም. ሲከፈት ከከተማ የራቀ፣ ከሜዳ ላይ የበቀለ ይባል ነበር፤ ወደ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋቱና 4,877 ሜትር የሚረዝም ማኮብኮቢያው ዛሬም ለሚያየው ያስገርማል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከ82 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አስተናግዷል።

በዚያ አየር ማረፊያ አጠገብ፣ ሹፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ፣ አንድ የአገሬ ሰው ስልኩን የመኪናው መሪ ላይ አስደግፎ የተቆጣጣሪዎቹን ንግግር ሲያዳምጥ አገኘሁት። በዚህ አገር መስማቱ አይከለከልም። ሹፌሩ እድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ የቀድሞ ታክሲ ነጂ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይስሙት» አለኝ፣ ድምፁን ከፍ እያደረገ። ተቆጣጣሪዋ አንዱን አውሮፕላን ወደ «ዋን ዋን ታውዘንድ» ጫማ ዝቅ እንዲል አዘዘችው፤ አብራሪውም «ዋን ዜሮ ታውዘንድ» ብሎ መለሰ። አሥራ አንድ ሺሁን አሥር ሺህ አደረገው ማለት ነው። እርሷም ድምፅዋን ሳትቀይር፣ ቁጣም ሳይሰማባት፣ «ኔጋቲቭ» ብላ ቁጥሩን ከፋፍላ ደገመችለት፤ አሁን በትክክል መለሰ፤ እርሷም ወደሚቀጥለው አለፈች። ነገሩ ሁሉ ከአሥር ሰከንድ የሚበልጥ አልነበረም።

«ብትተወውስ ኖሮ?» አልሁት።

«ብትተወውማ በአሥር ሺህ ያለው ሰውዬ ነበራ!» ብሎ ሳቀ። «እኛም በታክሲው ዘመን ሬዲዮ ነበረን፤ ጋሼ። አንዱ ማይኩ ላይ ሳያውቅ ተቀምጦበት ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ከተማው ሙሉ ሰምቶታል። አሰማሪዋ ብትጮህ ብትጮህ ማን ይሰማታል? እስኪነሣ መጠበቅ ነው።»

ሹፌሩ በሳቅ የነገረኝ ይህ ነገር በሰማይም ይደርሳል፤ አንድ አብራሪ ሳያውቅ ቁልፉን ተጭኖ ቢቆይ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ያሉት ሁሉ አንደበታቸው ይታሰራል። አሥራ አንድ ሺህን ከአሥር ሺህ ማሳሳትም በሙያው ዘንድ የታወቀ ጥንታዊ ሕማም ነው። ለዚህ ሲባል ነው እያንዳንዱ ትእዛዝ በአብራሪው ተሰጥኦ የሚጸናው፤ ያዘዘው ሰው የራሱ ቃል ተመልሶ ሲመጣ አድምጦ ካላረጋገጠ ትእዛዙ እንደ ተፈጸመ አይቆጠርም። ዘጠኝን «ናይነር»፣ ሦስትን «ትሪ»፣ አምስትን «ፋይፍ» እያሉ የሚጠሩትም በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ቁጥር ከቁጥር እንዳይምታታ ነው። ድዳ የሆነ ሬዲዮ መልስ ስለሚጠፋ ቶሎ ይታወቃል፤ ለእኔ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሁሉም የሚናገርበት፣ ሁሉም ተሰማሁ ብሎ የሚያምንበት፣ ነገር ግን ቃሉ ወደሚገባው ጆሮ ያልደረሰበት ጊዜ ነው።

ዴንቨር የዚህን ዓይነት ክፉ ጊዜ አይታለች። ጥቅምት 11 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) የኖርዝዌስት አየር መንገድ በረራ ቁጥር 188 144 መንገደኞች ይዞ ከሳንዲያጎ ወደ ሚኒያፖሊስ ሲጓዝ፣ በዚሁ በሎንግሞንቱ ማዕከል ክልል ውስጥ ሳለ ድምፁ ጠፋ። ማሠራጫው ደኅና ነበር፤ ተቀባዩም ደኅና ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ይጠራሉ፤ የአየር መንገዱ ሰዎች በጽሑፍ መልእክት ይልካሉ፤ ከአብራሪዎቹ ክፍል ግን መልስ የለም። አንድ ሰዓት ከ17 ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆኖ ቆየ። የጦር አውሮፕላኖች ለመነሣት ተዘጋጅተው እንደ ነበር ኋላ ተሰማ። አውሮፕላኑ ሚኒያፖሊስን አልፎ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው አንዲት አስተናጋጅ በውስጥ ስልክ ደውላ መቼ እንደሚያርፉ የጠየቀቻቸው። ሁለቱ አብራሪዎች የግል ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ አየር መንገዳቸው ከዴልታ ጋር ሲዋሃድ ስለ መጣው አዲስ የሥራ ፕሮግራም ሲወያዩ እንደ ነበር ለመርማሪዎች ተናገሩ። የመብረር ፈቃዳቸው ወዲያው ተሰረዘ፤ የግል ኮምፒዩተርና ስልክ በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ለግል ጉዳይ መጠቀምን የሚከለክለው የፌዴራል ደንብም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ።

በዚህ ሌላውን ብቻ መውቀስ አይገባንም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 343፣ ቦይንግ 737፣ መውረድ በሚገባው ሰዓት ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ ከቦሌ ማኮብኮቢያ በላይ ሲያልፍ፣ የአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩት አልመለሰም። በጊዜው የወጡት ዘገባዎች አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዶአቸው እንደ ነበርና የአውቶ ፓይለቱ መለያየት ያስነሣው ደወል እንዳነቃቸው አስታወቁ፤ አየር መንገዱም በበኩሉ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበር፣ አውሮፕላኑም በሰላም እንዳረፈና ምርመራ እስኪጠናቀቅ ድረስ አብራሪዎቹ ከሥራ እንደ ተነሡ ገለጸ። በቦሌም ሆነ በሎንግሞንት ያሉት ተቆጣጣሪዎች የነበራቸው ኀይል አንድ ነው፤ መጣራት፣ ደግሞ መጣራት፣ ሌላውን አውሮፕላን ከመንገዱ ማራቅ። ተኝቶ ላለ ሰው የሚሆን ትርፍ ማሠራጫ አልተሠራም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቡናዬን የሚይዘው የሴንቴኒያሉ ነገር ነው። የቀን መገጣጠም ሆኖ፣ እርሱም የደረሰው ግንቦት 4 ቀን ነው፤ በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021)። ከአውሮራ በስተ ደቡብ በሚገኘው የሴንቴኒያል አየር ማረፊያ ጎን ለጎን የተዘረጉ ማኮብኮቢያዎች አሉ። በዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ዕቃ ጫኝ መንታ ሞተር ሜትሮላይነር፣ አንድ አብራሪ ብቻ ይዞ፣ ወደ ግራው ማኮብኮቢያ ይመጣል፤ ሲረስ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ሁለት ሰዎች ይዛ ወደ ቀኙ ትዞራለች። ሁለቱን የሚመሩት ሁለት የተለያዩ ተቆጣጣሪዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም በሁለት የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች ነው። ስለዚህ የሜትሮላይነሩ አብራሪ ለሲረስ የሚነገረውን አይሰማም፤ የሲረሱም አብራሪ ለሜትሮላይነሩ የሚነገረውን አይሰማም። ሬዲዮው ሁሉ በጤንነት ይሠራል፤ ድምፁ ሁሉ ጥርት ያለ ነው። ለሲረሱ አብራሪ ስለ ሜትሮላይነሩ ተነገረው፤ እርሱም አውሮፕላኑን እንዳየ መለሰ። ለሜትሮላይነሩ አብራሪ ግን ስለ ሲረስ የነገረው የለም።

ሲረስዋ ስትዞር መስመርዋን አልፋ ሄደችና የሜትሮላይነሩን ገላ ከኋላ ገመሰችው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ፎቶግራፉን ያላየ ሰው ለማመን ይቸገራል፤ የዕቃ ጫኙ ገላ ከጣሪያው እስከ ጎኑ ተቀዶ ሰማይ በውስጡ ይታያል፤ አብራሪው ግን ቀኙ ሞተር የቆመ መስሎት፣ የደረሰበትን ጉዳት ሳያውቅ፣ ተረጋግቶ በዚያው ማረፊያ አረፈ። ሲረስዋም ለእንደዚህ ያለ ቀን የተሠራላትን ታላቅ ጃንጥላ ዘርግታ በቼሪ ክሪክ የውኃ ማጠራቀሚያ አጠገብ፣ እኛ በበጋ ሥጋ ይዘን ከምንሄድበት መናፈሻ አካባቢ፣ ወረደች። ከሦስቱ ሰዎች አንዱም አልተጎዳም። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ምክንያት የሲረሱ አብራሪ የማረፊያውን መስመር ባለመጠበቁ ላይ አደረገ፤ ተቆጣጣሪው ለሜትሮላይነሩ ማስጠንቀቂያ አለመስጠቱንም አስተዋጽኦ አለው ሲል መዘገበ።

ይህን ሁሉ ጎን ለጎን ስመለከት፣ የሎንግሞንቱ ዘጠና ሰከንድ ከሌሎቹ ይልቅ ያስጨነቀን በሰዓት ተለክቶ፣ በመግለጫ ተጽፎ ስለ ቀረበልን ይመስለኛል። ሥርዓቱ አስቀድሞ ያሰበበት ነገር ነበር፤ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በየሬዲዮው የሚሰማው 121.5 የተባለው የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲም ለእንደዚህ ያለው ጭንቅ የተለየ ነው። ሁለቱ ማሠራጫዎች በአንድነት ስለ ምን ወደቁ የሚለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። መጠባበቂያ ከዋናው ጋር አንድ የመብራት መስመር፣ አንድ የስልክ ገመድ ወይም አንድ ሕንፃ የሚጋራ ከሆነ፣ በቁጥር ሁለት ቢባልም በሥራው አንድ ነው። ይህን ስል ስለ አጠቃላይ ነገሩ እንጂ ስለ ዕለቱ ምርመራ ፍርድ መስጠቴ አይደለም።

የመሣሪያው እርጅና ግን የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ከ138ቱ የአየር ትራፊክ ሥርዓቶች ውስጥ 51ዱ ሊዘልቁ የማይችሉ እንደ ሆኑ ገልጾ ነበር። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሾን ዳፊ አዲሱን የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የመሥራት ዕቅዳቸውን ያወጡት የዴንቨሩ ነገር ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት፣ ሜይ 8 ቀን ነው። በዕቅዱ ውስጥ 25,000 አዳዲስ ሬዲዮዎች፣ 475 የድምፅ መቀያየሪያዎች፣ ከ4,600 በላይ ለሆኑ ሥፍራዎችም አዲስ የፋይበር፣ የገመድ አልባና የሳተላይት መስመር ተጽፈዋል፤ ምክር ቤቱም በዚያው በጋ ለሥራው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። የመዳብ ሽቦ ተነቅሎ የመስታወት ክር ሲተካ ማየት ደስ ያሰኛል፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለው ሁሉ ቢፈጸም፣ በሴንቴኒያል ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች የለያየውን ግድግዳ አያፈርስም፤ የኖርዝዌስቱንም አብራሪዎች ከላፕቶፓቸው ቀና አያደርግም። አንዳንዱን ትእዛዝ ከቃል ወደ ጽሑፍ ማዛወሩ፣ ይህም በብዙ አየር ማረፊያዎች የበረራ ፈቃድ ሲሰጥ የተለመደ ሆኗል፣ አሥራ አንድ ሺህን ከአሥር ሺህ ለመለየት ከሬዲዮ የበለጠ ይጠቅማል፤ ጽሑፉን የሚያነበው ዓይን ግን ያው የሰው ዓይን ነው።

ዕቅዱ የተቀጠረለት ጊዜ 2028 እ.ኤ.አ. ነው። በከተማ ያለውን መለወጥ ብዙ የሚያዳግት አይመስለኝም። በተራራ ላይ የተተከለው ጣቢያ ግን፣ መንገዱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በበረዶ ሊዘጋ የሚችል፣ ሠራተኛው ምሰሶ ላይ የሚወጣበት ቀን በዓመት ጥቂት የሆነ ነው፤ ከዋሽንግተን የተቆረጠው ቀነ ቀጠሮ ደግሞ ሁሉንም ጣቢያ በአንድ ዓይነት ቀን የሚቆጥር ይመስላል። የዴንቨር ማዕከል ክልል ለእንዲህ ያለው ሥራ ያለው ጊዜ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው አጭር በጋ ነው፤ እስከ ቀጠሮው ድረስም የቀሩት በጋዎች በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው።